ድሬዳዋ ላይ የት ይበላል? ከቦታው በፊት ሰዓቱን ይጠይቁ

ለሥራም ሆነ ለዘመድ ጥየቃ ወደማያውቀው ከተማ የሄደ ሰው ሻንጣውን አስቀምጦ ፊቱን እንደታጠበ የሚያነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ «እዚህ ጥሩ ምግብ ቤት የት ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው በራሱ ነውር የለበትም፤ መልሱ ግን እምብዛም አይጠቅምም፤ ምክንያቱም የተጠየቀው ሰው የሚጠቁመው እርሱ ራሱ የሚበላበትን ቤት ሳይሆን «ለእንግዳ ይመጥናል» ብሎ የሚገምተውን ነው። ድሬዳዋ ላይ እንዲህ ብሎ የጠየቀ እንግዳ ብዙውን ጊዜ የጠረጴዛ ልብስ ወደተነጠፈበት ሆቴል ይላካል፤ እዚያም አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ ላይ ሊበላው ይችል የነበረውን ጥብስ፣ በዚያው ጣዕም፣ ከፍ ባለ ዋጋ በልቶ ይወጣል። የተላከበት ቤት መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ድሬዳዋን ግን ገና አልቀመሰም።

እኔ ወደዚህች ከተማ በሥራ ምክንያት መመላለስ ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ የምግብ ቤት አፈላለግን የተማርኩት ግን በመጀመሪያው ጉዞዬ ከደረሰብኝ ነገር ነው። ስብሰባው ዘግይቶ አልቆ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ምሳ ፍለጋ ወጣሁ። መንገዱ ጭር ብሏል፤ ግማሹ ሱቅ ተዘግቷል፤ ክፍት ሆኖ ባገኘሁት ምግብ ቤት ውስጥ አስተናጋጇ ጠረጴዛ ላይ ተደግፋ አሸልባለች። ሩዝ በሥጋ አዘዝኩ። የቀረበልኝ ሩዝ ዳር ዳሩ የደረቀ፣ ሥጋውም ደጋግሞ የሞቀ ነበርና ሌሊቱን ሆዴን ሲቆርጠኝ አደረ። ያንን ቤት ለብዙ ጊዜ ሳማው ኖርኩ። በሌላ ጉዞ ግን አንድ የድሬ ልጅ የሆነ ባልደረባዬ «ምሳ ልጋብዝህ» ብሎ በ6 ሰዓት ወደዚያው ቤት ይዞኝ ገባ። ሳፍራን የመሰለ ቀለም የያዘ፣ ፍሬው ከፍሬው የተለያየ፣ እንፋሎቱ የሚትጎለጎል ሩዝ፣ ከአጥንቱ በጣት የሚላቀቅ የፍየል ሥጋ ቀረበልን። ወጥ ቤቱ ያው ነው፤ አብሳዩም ያው ነው። የተለወጠው ሰዓቱ ብቻ ነበር።

ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ምክር በአጭሩ ይህ ነው፦ ድሬዳዋ ሲገቡ አስቀድመው የምግብ ቤት ስም አይፈልጉ፤ ከተማዋ በዚህ ሰዓት ምን እንደምትበላ ይወቁ፤ ከዚያ ያንን ምግብ ማን እንደሚሠራው ይጠይቁ። ስም እያነሣሁ የቤቶች ዝርዝር የማላቀርበውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ አብሳይ ከቤት ቤት ይዘዋወራል፣ ባለቤት ይለወጣል፣ ትናንት የተመሰገነ ቤት ዛሬ በስሙ ብቻ ይኖራል፤ የሰዉ የመብያ ሰዓት ግን በቀላሉ አይለወጥም።

ከተማዋ በሰዓት የምትበላው ለምንድን ነው?

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። በተለይ በግንቦትና በሰኔ የቀትሩ ሙቀት ከ30 ዲግሪ በእጅጉ ያልፋል። ከዚህ የተነሣ ነዋሪው ቀኑን ለሁለት ከፍሎ ይኖራል፦ በማለዳ ተነሥቶ ይሠራል፣ ቀትር ላይ ጥላ ይፈልጋል፣ ፀሐይዋ ስትበርድ ደግሞ እንደ አዲስ ይወጣል። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ይህን ባለማወቅ ከተማዋ ተኝታ ሳለች ሲዞር ይውልና ከተማዋ ስትነቃ እርሱ ደክሞት ይተኛል።

በዚህ ላይ ጫት አለ። የሐረርጌ ሰው በርጫ ከመቀመጡ በፊት ሆዱን በደንብ ይሞላል፤ ከተቃመ በኋላ የምግብ ፍላጎት ስለሚጠፋ ምሳ የቀኑ ዋና ማዕድ ይሆናል። ወጥ ቤቶችም ዋና ጉልበታቸውን የሚያፈሱት ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል ለሚቀርበው ምግብ ነው። እርስዎ ቢቅሙም ባይቅሙም ይህ ልማድ ምሳዎን ይወስነዋል፤ ምሳን በ6 ሰዓት የበላና በ8 ሰዓት ተኩል የበላ ሰው ስለ አንድ ቤት የሚሰጡት ምስክርነት ለየቅል ነው።

ሌላው ምክንያት የከተማዋ አመሠራረት ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ መጀመሪያ ወደ ሐረር ሊወጣ ታስቦ ነበር፤ ተራራው ስላስቸገረ ግን በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ቆመ፤ ከተማዋም እዚያው ተቆረቆረች። ከባቡሩ ጋር የመናዊው፣ ሕንዱ፣ ግሪኩና አርመኑ መጣ፤ ከአገር ውስጥም ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ አርጎባውና ጉራጌው በአንድ ገበያ ተገናኘ። ሁሉም ወጥ አሠራሩን ብቻ ሳይሆን የመብያ ሰዓቱንም ይዞ ስለመጣ፣ ዛሬ በአንድ ጎዳና ላይ ጠዋት የየመን ፉል፣ ቀትር ላይ የሶማሌ ሩዝ፣ ከዚያው አጠገብ በያይነቱ፣ ማታ ደግሞ የጣልያን ትዝታ የሆነው ፓስታ ይበላል። ፓስታውን ከሩዝ ጋር በአንድ ሳህን አቅርበው ቢያገኙ ወጥ ቤቱ ተሳስቶ አይደለም፤ ይህ የዚህ አገር ሰው የሚወደው አቀራረብ ነው። ከሩዙ ጎን የሚመጣውም ሙዝ ለማጣጣሚያ የተቀመጠ ሳይሆን ከሩዙ ጋር እያጎረሱ የሚበሉት ነው፤ እኔ ይህን ሳላውቅ ሙዙን ለመጨረሻ አስቀምጬ አጠገቤ የተቀመጡትን ሽማግሌ በሳቅ ገድያቸዋለሁ።

ከጠዋት እስከ ማታ

ማለዳ ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ፉል ቤቶች ይከፈታሉ። ጥሩ ፉል ባቄላው ሌሊቱን በዝግታ ሲፈላ ያደረ በመሆኑ በትልቅ ድስት አንድ ጊዜ ይሠራል፤ ድስቱ ሲያልቅም ያልቃል። በ4 ሰዓት «ፉል አለ?» ብለው «አለ» ቢባሉ መደሰት ሳይሆን መጠራጠር ይገባል፤ የታወቀ ፉል ቤት በዚያ ሰዓት ድስቱን እያጠበ መሆን አለበት። ከፉል ሌላ ጠዋት የሚፈለገው ፈቲራ ነው። ሊጡ በዘይት እየተመታ እንደ ሻሽ ሳስቶ ይዘረጋል፣ እንቁላል ይደረግበታል፣ ተጣጥፎ በምጣድ ይበስላል፤ ማር የሚወዱት ማር ያስጨምራሉ። ፈቲራን ከሩቅ መገምገም ይቻላል፤ ሊጡን የሚዘረጋው ሰው ከፊት ለፊት ቆሞ የሚሠራ ከሆነና ገዢው ተሰልፎ የሚጠብቅ ከሆነ ይቀመጡ፤ ተሠርቶ የተደረደረ ከሆነ ግን ይለፉት። በሶማሌ ቤቶች ደግሞ ላሆህ የሚባለው እንጀራ መሰል ቂጣ ከጉበት ጥብስ ጋር ይቀርባል፤ ሻይ በወተት ከተጨመረበት እስከ ምሳ ያቆያል።

ስለ ምሳ ከላይ ብዙ ስለተባለ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ዓርብ ዕለት የጁምዓ ሶላት ስላለ ብዙ የሙስሊም ቤቶች ቀትር ላይ ለተወሰነ ጊዜ ይቀዘቅዛሉ፤ ሶላቱ እንዳበቃ ግን መቀመጫ አይገኝም። ዓርብ ሩዝ ያማረው እንግዳ ወይ ቀደም ብሎ ይግባ፣ ወይ ትንሽ ታግሦ ከሰጋጁ ጋር ይግባ፤ ሁለተኛው ይሻላል፤ ቤቱ ለዚያ ሰዓት ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ስለሆነ ትኩስ የሆነው ድስት ያን ጊዜ ይከፈታል።

ከ8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ያለውን ጊዜ ለምግብ አይድከሙበት። ይልቁንም ጥላ ያለበት ቦታ ይቀመጡና የሚጠጣ ነገር ይዘዙ። በዚህ ሰዓት መጋላ በተባለው ሠፈር አካባቢ ሐልዋና ሙሸበክ የሚሸጡ ቤቶችን መጎብኘት ደግ ነው፤ ሁለቱም ጣፋጭ ስለሆኑ በግራም ትንሽ ብቻ ያስመዝኑ። ከቡና ገለባ የሚፈላው ሐሸር፣ ከቡና ቅጠል የሚፈላው ቁቲ፣ በወተት የሚቀርበውም ሆጃ የሐረርጌ መጠጦች ናቸው፤ በሁሉም ሻይ ቤት ግን አይገኙም፤ ሲገኙም ብዙውን ጊዜ ዝርዝር ላይ ስላልተጻፉ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ማታ የድሬዳዋ እውነተኛ ፊት ይወጣል። ከ1 ሰዓት በኋላ ከዚራ ሠፈር ባሉት ዛፍ የበዛባቸው ጎዳናዎች ወንበሮች ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ በመጋላ በኩል የሳምቡሳ መጥበሻ ይሰማል፤ ፉል ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ይመጣል። የምሽቱ ፉል ከጠዋቱ ይለያል፤ ቲማቲም፣ ቃሪያና ቅመም ይበዛበታል፤ እኔ የምወደው ይህንን ነው። እራት ቀለል ያለና ዘግየት ያለ ነውና በ12 ሰዓት ገብቶ ባዶ ቤት ያየ ሰው ቤቱን አይናቀው፤ በ3 ሰዓት ቢመለስ ወንበር ያጣል።

ማንን፣ እንዴት አድርጎ መጠየቅ?

ሰዓቱን ካወቁ ቀጣዩ ጥያቄ የሚቀርብለት ሰው ነው። «ጥሩ ምግብ ቤት የት ነው?» ከማለት ይልቅ «እርስዎ ዛሬ ምሳ የት በሉ?» ብሎ መጠየቅ የመልሱን ዓይነት ይለውጠዋል፤ የመጀመሪያው አስተያየት ያስሰጣል፣ ሁለተኛው ግን እውነት ያስወጣል። ተጠያቂው «እኔማ እዚህች ጓሮ ነው፣ ለእንግዳ አይሆንም» ብሎ ካፈረ ፍለጋዎ ተሳክቷል፤ «ይሁን፣ ያሳዩኝ» ይበሉ። የድሬ ሰው ግልጽ ነው፤ «አቦ፣ ና ልውሰድህ!» ብሎ ሥራውን ትቶ ሊያደርስዎትም ይችላል፤ ሲሆን አብሮ እንዲበላ መጋበዝ ጨዋነት ነው።

የባጃጅ ሾፌሮች ብዙ ያውቃሉ፤ ሆኖም «ጥሩ ቤት ውሰደኝ» ለሚል ተሳፋሪ ራቅ ያለ ቦታ ቢመርጡ አይፈረድባቸውም፤ ሒሳቡ ይጨምራላቸዋልና። «አንተ ቁርስ የምትበላበት አውርደኝና አብረን እንብላ» ማለት ይህን ችግር ያስወግዳል። የባንክና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የምሳ ቤቶችን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ በየቀኑ በራሳቸው ገንዘብ የሚበሉ፣ ጊዜም የሌላቸው ስለሆኑ ውድና ቀርፋፋ ቤት አይታገሡም። በጅቡቲ መንገድ የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሾፌሮች ደግሞ በሩዝና በሥጋ ጉዳይ ምስክርነታቸው የታመነ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠውን መረጃ ያገኘሁት ግን ከሚበሉት ሳይሆን ለሚያበስሉት ከሚሸጡት ነው። ቀፊራ ገበያ በጠዋት ገብተው አንድ ኪሎ ብርቱካን ይግዙና ሻጯን «እናቴ፣ ከእርስዎ ዘንድ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚወስድ ምግብ ቤት አለ?» ብለው ይጠይቁ። ምርጡን እየመረጠ የሚወስደውንና የወደቀውን በርካሽ የሚሰበስበውን ለይተው ያውቃሉ፤ ለመናገርም አይሰስቱም። ሉካንዳ ቤት ያለውም ሰው እንዲሁ ነው፤ ማን በየጠዋቱ ትኩስ ሥጋ እንደሚወስድና ማን በሁለት ቀን አንድ ጊዜ እንደሚመጣ ያውቃል። ይህ መንገድ ጥቂት ያደክማል፤ ነገር ግን አንድ ጠዋት የፈጀ ጥየቃ ለሳምንት ቆይታ ይበቃል። (በነገራችን ላይ ከዚራንና መጋላን የሚለየው የደቻቱ ወንዝ በበጋ ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል፤ በክረምት ተራራው ላይ ደመና ካዩ ግን በድልድዩ ይሂዱ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ብዙ ሕይወት የቀጠፈው በዚሁ ወንዝ ነው።)

ስልክ ላይ የሚገኙት አስተያየቶችና የካርታ ኮከቦች እዚህ ብዙ አያግዙም። አብዛኞቹን የጻፉት ለአንድ ሌሊት ያለፉ መንገደኞች ናቸው፤ ትንንሾቹ ቤቶች ደግሞ ጭራሽ አልተመዘገቡም። ፎቶዎቹን ግን ማየት አይከፋም፤ ሰዎች የበሉትን ሳህን ፎቶ ከነቀኑ ካገኙ ቤቱ አሁንም መሥራቱን ይነግርዎታል።

በር ላይ ቆሞ መመዘን

የተጠቆሙበት ቤት ደርሰው ከመቀመጥዎ በፊት አንድ ደቂቃ ቆም ይበሉ። ሰው ሞልቶ ማየት መልካም ምልክት ቢሆንም ሰዉ ለምን እንደመጣ መለየት ያስፈልጋል፤ ቴሌቪዥኑ ላይ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ካለና ጠረጴዛዎቹ ላይ ጠርሙስ እንጂ ሳህን ከሌለ ሕዝቡ የመጣው ለኳሱ ነው። ልጆቻቸውን ይዘው የመጡ ቤተሰቦች፣ ብቻቸውን የተቀመጡ አዛውንት፣ ቆመው ለቤት የሚያስቋጥሩ ሴቶች ካሉ ግን አብሳዩን አምነውታል ማለት ነው። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር የሚያስቋጥረው ሰው ነው፤ ቤቱ ምጣድና ድስት እያለው ከውጭ ገዝቶ የሚሄድ ሰው በቤቱ የማይሠራውን ጣዕም አግኝቷል።

የምግብ ዝርዝሩ ርዝመትም ይናገራል። በሁለት ገጽ ላይ ፒዛም፣ ዓሣም፣ ክትፎም፣ መንዲም የጻፈ ትንሽ ቤት ሁሉንም ትኩስ አድርጎ ሊያቀርብ አይችልም፤ አንዳንዱ ከማቀዝቀዣ ይወጣል። አንድ ወይም ሁለት ነገር ብቻ የሚሠራ፣ ዝርዝርም የሌለው ቤት ይመረጣል። እዚያ ሲገቡ «ምን አለ?» ከማለት «አሁን ምን ደረሰ?» ማለት የተሻለ ነው፤ አስተናጋጁ ከእሳት የወረደውን ይነግርዎታል።

በሞቃት አገር ምግብ ቶሎ ስለሚበላሽ ጥንቃቄው ከደጋው ከፍ ማለት አለበት። እጅ መታጠቢያው ውኃና ሳሙና እንዳለው ይዩ፤ የእጅ መታጠቢያውን የዘነጋ ቤት ወጥ ቤቱንም ይዘነጋል። የሚንተከተክ ወይም ከፊትዎ የሚጠበስ ምግብ ይምረጡ፤ ተከትፎ የቆየ ሰላጣን ግን በመጀመሪያው ቀን ይተዉት። የድሬዳዋ የማንጎና የዘይቱን ጭማቂ ዝነኛ ነው፤ ውኃ ሳይጨመርበት እንዲሠራልዎ ከጠየቁ ማንም አይቀየምም። የግመል ወተት መቅመስ የሚፈልግ ሰውም የፈላውን ይጠይቅ፤ ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስ የተባለውን በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል።

እምነትና ጾም የሚወስኑት

እንግዳው ልብ ሊለው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። በዚህ አካባቢ የሙስሊም ቤትና የክርስቲያን ቤት በሥጋቸው ይለያያሉ፤ ብዙዎቹ በበሩ ላይ በምልክት ወይም በጽሑፍ ያሳውቃሉ። ምልክቱን ካላዩ «ሥጋው የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ ማንንም አያስከፋም። የተለያየ እምነት ያላቸው ባልደረቦች አብረው ለመብላት ሲፈልጉ ፉል፣ ዓሣ ወይም በያይነቱ ወዳለበት ይሄዳሉ፤ ድሬዳዋ ይህን ችግር ከረጅም ጊዜ በፊት የፈታችው እንዲህ ነው። ግመል የማይበላ ሰው ደግሞ ሥጋ ሲያዝ የፍየል ወይም የበሬ መሆኑን አስቀድሞ ያረጋግጥ፤ የግመል ሥጋ እዚህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በዐቢይ ጾም ወቅት የጾም ምግብ በክርስቲያን ቤቶች ሁሉ ይገኛል፤ የጾም ምግብ ትኩስነቱ የተረጋገጠውም በእነዚሁ ቀናት ነው፤ ማክሰኞ ዕለት በያይነቱ የሚያዝ ሰው የትናንቱን ሽሮ ሊበላ ይችላል። በረመዳን ደግሞ ብዙ የሙስሊም ቤቶች ቀን ይዘጋሉ፤ መግሪብ ሲደርስ ግን ከተማዋ የዓመቱን ምርጥ ማዕድ ትዘረጋለች። በዚያ ወር የሚመጣ ሰው ቀን ላይ በአደባባይ ከመብላት ተቆጥቦ ምሽቱን ቢጠብቅ ይጠቀማል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለቁሉቢ ገብርኤል ንግሥ ሕዝብ በሚጎርፍባቸው ቀናት ግን የተነገሩት ዘዴዎች ሁሉ ይዳከማሉ፤ ቤቱ ሁሉ ይሞላል፣ ዋጋም ይጨምራል፤ ያን ጊዜ የሚያዋጣው ቀድሞ የተዋወቁትን ቤት ደውሎ ቦታ ማስያዝ ነው።

ስለ ሒሳብ ጥቂት

ዋጋ መጠየቅ ድህነት አይደለም። በተለይ ሥጋ በኪሎ በሚሸጥበት ቤት የሥጋው ዋጋና የማስጠበሻው ለየብቻ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይጠይቁ፤ የሚፈልጉትንም ብልት ተሰቅሎ ሳለ በጣትዎ ያሳዩ። በዝርዝሩ ላይ የተጻፈው ዋጋ 15 በመቶ ቫት ያካተተ መሆን አለመሆኑንም ከማዘዝዎ በፊት ይጠይቁ። ለሁለት ሰው አንድ ሩዝ አዝዞ መጀመር ነውር የለውም፤ የድሬ ሳህን ሰፊ ነው፤ ካነሰ ይደገማል። አብዛኛው ቤት በቴሌብር ይቀበላል፤ ፉል ቤትና የመንገድ ዳር ሳምቡሳ ግን ዝርዝር ብር ይፈልጋሉ።

ሐረር ለመውጣት ያሰበ እንደሆነ

ድሬዳዋ የመጣ ሰው አንድ ቀን ወደ ሐረር መውጣቱ አይቀርም። መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን የደንገጎን ተራራ ወጥቶ፣ በሐረማያና በአወዳይ በኩል አልፎ ወደ 1,900 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ያደርሳል፤ አየሩ ስለሚለወጥ የምግብ ፍላጎትም አብሮ ይለወጣል። እዚያ ግን ከላይ የተባለው ዘዴ በግማሹ ብቻ ይሠራል። ከጀጎል ግንብ ውጭ ያሉት ምግብ ቤቶች በድሬዳዋው መንገድ ሊፈለጉ ይችላሉ፤ ከግንቡ ውስጥ ግን ምርጡ ምግብ የሚበስለው በምግብ ቤት ሳይሆን በየቤቱ ነው።

በግንቡ ውስጥ ፈረስ መጋላ በተባለው አደባባይ አካባቢ በጠዋት ፈቲራና ሳምቡሳ ይገኛል፤ ወደ ጊድር መጋላ ገበያ ከወረዱ ሥጋ ተራውን ያያሉ፤ የገዙትን ሥጋ በእጅዎ ይዘው በግዴለሽነት አይሂዱ፤ ጭልፊቶቹ ከሰማይ ወርደው ይነጥቃሉ፤ ይህ ቀልድ አይደለም። በጠባቦቹ መንገዶች በየደጁ ተቀምጠው የሚጠብሱ እናቶችን ሲያዩ ሰላምታ አስቀድመው፣ ሁለት ፍሬ ብቻ ገዝተው ቆመው ይቅመሱ፤ ካማረዎት ይጨምራሉ።

የሐረሪ የቤት ምግብ፣ ለምሳሌ ከአብሽ የሚሠራውን ሑልበት መረቅ፣ መቅመስ የሚፈልግ ሰው በዕለቱ ሄዶ አያገኘውም። በባህላዊ የሐረሪ ቤት፣ በጌ ጋር፣ እንግዳ የሚያሳድሩ ቤተሰቦች አሉ፤ ከአንድ ቀን በፊት ተነግሯቸው ከተስማሙ ምሳ ያዘጋጃሉ። ሲያናግሩ የሰዉን ቁጥር፣ የማይበሉትን ነገርና የሚደርሱበትን ሰዓት በትክክል ይንገሩ፤ ዋጋውንም ያኔውኑ ይቁረጡ፤ ቤት ሲገቡ ጫማ ያውልቁ። ከፍ ባለው መደብ ላይ ዝም ብለው ወጥተው አይቀመጡ፤ የመቀመጫው ደረጃ በሐረሪ ቤት ሥርዓት አለውና ባለቤቷ የሚያሳዩዎትን ቦታ ይጠብቁ። ከረመዳን በኋላ ስድስቱ የሸዋል ጾም ቀናት ሲያበቁ የሚከበረው የሸዋሊድ በዓል፣ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው፣ ከመጣ ደግሞ ቤቶቹ በራሳቸው እንግዳ ስለሚጨናነቁ ከሳምንት በፊት ይነጋገሩ።

ሲመለሱ ከ11 ሰዓት በፊት ሚኒባስ ይያዙ። ደንገጎን በብርሃን ይወርዳሉ፤ ድሬዳዋ ሲደርሱም ሙቀቱ በርዷል፣ ወንበሮቹ ወጥተዋል፣ የምሽቱ ፉል ድስት ገና አልተከፈተም።